ወፍራሙ ክር፦ ቤዝ ጊታር፣ ማጉያው እና ኢፌክቱ

ቤዝ ጊታር ከተራው ጊታር አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የሚቃኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወፍራም ክሮች ያሉት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ ተብለው ይቃኛሉ። ኢ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ቀጭኑ ጂ 98 ጊዜ። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 በታች የሆነውን ርግብግቢት እንደ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ቤዝ የሚኖረው የመስማት ወሰን አጠገብ ነው፤ ጆሮ እየደከመ ደረትና ሆድ መስማት በሚጀምሩበት ቦታ። የእንጨቱ፣ የማጉያው፣ የመብራቱና የኢፌክቱ ጉዳይ ሁሉ ሲመረመር መነሻው ይኸው ነው፤ መሣሪያ ገዢም ገንዘቡን ሲያከፋፍል መጀመር ያለበት ከዚሁ ነው።

ዝቅተኛ ድምፅ ለጋሞ ምድር እንግዳ አይደለም። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው 37 ኪሎ ሜትር መንገድ በዶርዜ በኩል ያልፋል። ዶርዜዎች በሀገሩ ሁሉ የሚታወቁት በሽመናቸውና ከቀርከሃ በሚሠሩት ረጅም ቤታቸው ነው፤ የሙዚቃ አጥኚዎች ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት አዘፋፈናቸውን ነው። በሰሜኑ ደጋ አንዱ አውጥቶ ሌላው የሚቀበለው ዜማ ያው አንዱ ዜማ ነው። በዶርዜ የተለያዩ ድርሻዎች በአንድ ጊዜ ተደራርበው ይሄዳሉ፤ አንዱ ከላይ ሲያወጣ፣ ሌላው በመሐል ሲመልስ፣ ሌላው ከሥር ይዞ ይቆያል። ፈረንሳዊው አጥኚ በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን አዘፋፈን ቀድቶ በሸክላ አሳትሞታል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ሲኬድ ደግሞ የደራሼ ፊላ አለ። በፊላ አብዛኛው ነፊ የሚይዘው አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ዋሽንት ነው። ዜማው በማንም እጅ ሙሉ ሆኖ አይገኝም፤ ሁሉም በየተራው ሲነፋ ከመካከላቸው ይወጣል። ረጅሙን ዋሽንት የያዘው ሰው ያለው አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱን በቦታው ካላስቀመጠ ግን የሌሎቹ ሁሉ ልፋት ይፈርሳል። የቤዝ ተጫዋችን ሥራ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ጀማሪ ቤዚስት ጣቱ እስኪፈጥን ከመጨነቁ በፊት አንድ ፊላ ነፊ እስትንፋሱን ቆጥቦ ተራውን ሲጠብቅ ቢያይ ብዙ ይማራል።

በገናም አለ። አሥር የጅማት ክሮች ያሉት ይህ መሣሪያ በሀገራችን ካሉት ባለክር መሣሪያዎች ሁሉ ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል። በእያንዳንዱ ክርና ክሩ በሚያርፍበት ድልድይ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። ክሩ ሲመታ ቆዳውን ደጋግሞ ስለሚነካው የታወቀው የበገና ንዝረት ይወጣል። የእንዚራው ቦታ በጥቂቱ ሲሳሳት ድምፁ ይሞታል ወይም ይንኳኳል፤ ደርዳሪው ከመዝሙሩ በፊት ብዙ ደቂቃ የሚያጠፋው እሱን በማስተካከል ነው። እንዚራ ያለማጋነን ኢፌክት ነው፤ ለወፍራም ክር ከላይ ያሉ ቀጫጭን ድምፆችን ጨምሮለት ጆሮ በቀላሉ እንዲይዘው ያደርጋል። የኤሌክትሪኩ ፈዝ ፔዳል የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

በባህል ምሽት ቤቶች መድረክ ላይ ከክራር፣ ከማሲንቆ፣ ከዋሽንትና ከከበሮ ጎን ቤዝ ክራር የሚባል መሣሪያ ይታያል። ከተለመደው ክራር የሚበልጥ፣ ወፍራም ክር የተወጠረበት፣ ብዙ ጊዜም ፒካፕ (የክሩን ርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ተገጥሞለት ከድምፅ ማጉያ ጋር የሚያያዝ ክራር ነው። ቤዝ ጊታር መግዛት ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ቡድን የታችኛውን ድምፅ በዚህ ይሞላዋል። በዚህ ምዕራፍ ስለ ማጉያ፣ ስለ መብራትና ስለ ኢፌክት የሚነገረው ሁሉ ለቤዝ ክራርም ይሠራል።

ዛሬ የምናውቀው ቤዝ ጊታር ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ለገበያ ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ ልጅ ነው። ከእሱ በፊት በ1930ዎቹ ሲያትል ውስጥ ፖል ተትማርክ ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን አልተስፋፋም። «ፕሪሲዥን» የተባለው በምክንያት ነው። ቆሞ የሚመታው ትልቁ ኮንትራባስ ፍሬት (በአንገቱ ላይ በየቦታው የሚተከል ቀጭን ብረት) ስለሌለው ጣት በጥቂቱ ሲስት ቅኝቱ ይበላሻል፤ የፌንደር መሣሪያ ፍሬት ስላለው ተጫዋቹ ድምፁን በትክክል ያገኘዋል። በ1960 እ.ኤ.አ. ጃዝ ቤዝ ተከተለ። በዓለም ላይ ከሚሸጡት ቤዞች አብዛኞቹ፣ በማንኛውም ስም ይውጡ፣ የእነዚህ የሁለቱ ቅጂ ወይም ቅይጥ ናቸው።

በኢትዮጵያ ቤዝ ጊታር ስሙን የተከለው በሆቴል ባንዶች ዘመን ነው። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር በሠራው «እሬ መላ መላ» ውስጥ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ዘፈኑን ከሥር እየጎተተ ይወስደዋል። በዋልያስ ባንድ ቤዙን የሚጫወተው መላኬ ገብሬ ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ በ1984 እ.ኤ.አ. የተቀዳው የአድማስ ባንድ ሥራ ላይ ቤዙን የተጫወተው ሄኖክ ተመስገን ነው። በእነዚህ ቅጂዎች ላይ በተለይ ችክችካውን ማዳመጥ ይገባል። ችክችካ በ6/8 የሚሄድ ምት ነው፤ ከበሮው ምቱን ሲዘረዝር ቤዙ ጥቂት ድምፅ ብቻ መርጦ ያስቀምጣል፤ የሚተወው ባዶ ቦታ ከሚመታው ባልተናነሰ ይቆጠራል። በኋላ ኪቦርድ ሲስፋፋ የቤዙን ድርሻ የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ ወሰደው፤ አንድ ሰው ብቻውን ባንድ የሆነባቸው መድረኮች ዛሬም ብዙ ናቸው። የተገኘው የገንዘብ ቁጠባ ነው። የጠፋው የጣትና የክር ንክኪ ነው፤ ይህም ለዚህ ሙዚቃ ትልቅ ጉዳት ሆኗል። በአርባ ምንጭ ቤዝ ጊታር አሁን በብዛት የሚገኘው በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የዝማሬ ቡድኖች፣ በሆቴል መድረኮችና በኪነት ቡድኖች ዘንድ ነው።

መሣሪያውን መምረጥ

የፕሪሲዥን ዓይነት ቤዝ ፒካፕ ለሁለት ተከፍሎ በገላው መሐል ይቀመጣል፤ ሁለቱ ግማሾች አንዱ የሌላውን የመብራት ዝምዝምታ ስለሚያጠፉ ጸጥ ያለ ነው። ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፦ ወፍራም፣ ደረቅ፣ ከከበሮ ጋር የሚጣበቅ። የጃዝ ዓይነቱ ሁለት ፒካፕ አለው፤ አንዱ ወደ አንገቱ፣ ሌላው ወደ ብሪጁ፣ ማለትም ክሩ ወደሚያርፍበት ድልድይ። የኋለኛው ጥርት ያለና ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሁለቱም ሙሉ ሲከፈቱ እርስ በርስ ይተራረማሉ፤ አንደኛው ዝቅ ሲል ግን ዝምዝምታው ይመለሳል። በቆርቆሮ ጣሪያ የተሸፈነ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ለሚያገለግል የዝማሬ ቡድን የጃዙ ዓይነት ይመረጣል። ቆርቆሮና ባዶ ግድግዳ ወፍራሙን ድምፅ እያስተጋቡ ስለሚያደፈርሱት፣ ከብሪጁ የሚወጣው ጥራት ምእመናኑ ቤዙን እንዲለዩት ያደርጋል።

አክቲቭ የሚባለው ቤዝ በውስጡ 9 ቮልት ባትሪ ድንጋይና ትንሽ ማጉያ አለው። ባስና ትሬብል መጨመርም መቀነስም ይቻላል። ጃኩ እንደተሰካ የሚያድር ከሆነ ግን ባትሪው በቀናት ውስጥ ያልቃል፤ ሲያልቅም በመዝሙሩ መሐል ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ይጠፋል። ባለ 9 ቮልት ድንጋይ እንደ ሬዲዮ ድንጋይ በየሱቁ አይገኝም። ለጀማሪ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር፣ ባትሪ የማይፈልገው ፓሲቭ ቤዝ ይሻላል። አምስተኛ ክር መጨመርም ብዙ ጊዜ ያለጊዜው ነው፤ ያ ክር በሰከንድ 31 ጊዜ ብቻ ስለሚርገበገብ አብዛኛው ማጉያ አያወጣውም፤ ባለቤቱ ከፍሎበት የማይሰማው ክር ይሆናል።

ርዝመትም ሊታይ ይገባል። በተለመደው ቤዝ የሚርገበገበው ክር ርዝመት 86 ሴንቲ ሜትር ነው። አጭሩ ዓይነት 76 ገደማ ነው፤ ለወጣትና እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው ድካም ይቀንሳል። ከክራርና ከማሲንቆ ጋር አዘውትሮ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ፍሬት የሌለው ቤዝ አለ። የባህል ቅኝቶቻችን ከፒያኖ ቅኝት ጋር በትክክል አይገጥሙም፤ ክራር በዘፋኙ ድምፅ ይቃኛል፣ ማሲንቆ ተጫዋች ድምፁን የሚያገኘው በጣቱ ነው። ፍሬት ያለው ቤዝ ሲገባ ሌሎቹ ለእሱ ይጎነበሳሉ። ፍሬት የሌለው ቤዝ ግን ራሱ ወደ እነሱ ይሄዳል። ለአንቺሆዬና ለባቲ ቅኝቶች ይህ ልዩነት በግልጽ ይሰማል።

አሁን ወደ አንገቱ። የአራቱ ክሮች ውጥረት ሲደመር 75 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ሰው በአንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚኖር ማለት ነው። ይህን የሚቋቋመው እንጨቱና በውስጡ የተቀበረው የብረት ዘንግ ናቸው። ገዢ መሣሪያውን ሲያነሳ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት፣ ጣውላ የሚመርጥ አናጢ እንደሚያደርገው፣ ከገላው በኩል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአንገቱ ላይ አሻግሮ ማየት ነው። አንገቱ ወደ ክሮቹ በጥቂቱ ቢጎብጥ ደህና ነው። ወደ ጎን ከተጠማዘዘ፣ ማለትም የወፍራሙ ክር ጠርዝና የቀጭኑ ክር ጠርዝ ትይዩ ካልሆኑ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ መተው ነው፤ እሱን የሚመልስ ቁልፍ የለም።

የጉብጠቱ ልክ በወረቀት ይለካል። ክሩ እንደተቃኘ፣ ወፍራሙ ኢ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ይጫናል። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ፍሬትና በክሩ መካከል ሦስት ተራ ወረቀት ተደራርቦ ሳይጨናነቅ ቢገባ ትክክል ነው፤ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ የብረቱ ዘንግ በብሩጎላ ይጠብቃል፤ ክሩ ፍሬቶቹን ከነካ ይላላል። አንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ማዞር አያስፈልግም፤ ከዚያ እንደገና ቃኝቶ፣ ጥቂት ሰዓት ጠብቆ፣ መልሶ መለካት ነው። የሚታገል ቁልፍ ካጋጠመ ማቆም ይገባል፤ ዘንጉ ከተበጠሰ አንገቱም አበቃለት።

ይህ ሙያ በጋሞ ዞን ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳር፣ በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ውስጥ ናት። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ በጉም ተሸፍና ትኖራለች። አንድ የዝማሬ ቡድን ጠዋት ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ጨንቻ ሲደርስ መሣሪያው ከሙቀት ወደ ብርድ፣ ከአንድ እርጥበት ወደ ሌላ ተሸጋግሯል። እንጨት ይህን ያውቃል። ቅኝቱ በመንገድ ይለወጣል፤ መሣሪያው እንደደረሰ ከቦርሳው ሳይወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይና ከዚያ ቢቃኝ ይሻላል። በተዘጋ መኪና ውስጥ በፀሐይ መተው ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያላላዋል።

ማጉያው

ለቤዝ የሚመደብ ገንዘብ ካነሰ፣ ከጊታሩ ላይ ቀንሶ ለማጉያው መጨመር ያዋጣል። ብዙዎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፦ የሚያብረቀርቅ ቤዝ ይገዙና ከተረፋቸው ትንሽ አምፕ ያክሉበታል። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ከበሮው ሲጀምር ቤዙ ይታያል እንጂ አይሰማም።

ምክንያቱ ጆሮ ነው። ጆሮ ዝቅተኛ ድምፅን የሚሰማው ደካማ አድርጎ ነው፤ በ40 እና በ1,000 ርግብግቢት ላይ ያሉ ሁለት ድምፆች እኩል ጎልተው እንዲሰሙ የመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። የዋት ቁጥርም ያታልላል። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ጎላ» እንዲል ወደ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ የሊድ ጊታሩ በ30 ዋት አዳራሽ ሲሞላ ቤዙ ከከበሮ ጋር ለመሄድ 200 ወይም 300 ዋት መጠየቁ የሚያስገርም አይደለም። ለቤት ልምምድ 20 ዋት ይበቃል፤ ለመድረክ አይሆንም።

ከዋት ቀጥሎ የሚታየው ስፒከሩ ነው። ዝቅተኛ ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይፈልጋል፤ ብዙ አየር የሚገፋው ደግሞ ሰፊ የስፒከር ወረቀት ወይም ብዙ ወረቀት ነው። አንድ ባለ 15 ኢንች፣ ወይም ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያለው ሳጥን ለመካከለኛ አዳራሽ ጥሩ መነሻ ነው። ብዙ ቡድኖች ቤዙን በቀጥታ ለዘማሪው ወደሚያገለግለው ሞንታርቦ ይሰኩታል። ሞንታርቦው ትልቅና ጤነኛ ከሆነ ይቻላል። ትንሽ ከሆነ ግን ወረቀቱ ከአቅሙ በላይ እየወጣና እየገባ ይቀደዳል፤ በዚያ ላይ የዘማሪው ድምፅ አብሮ ይታፈናል።

ክብደትም ተራ ነገር አይደለም። አምፔግ በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስ.ቪ.ቲ. የተባለው የ300 ዋት ባለቱቦ ማጉያ ለትልልቅ መድረኮች መለኪያ የሆነ ነው፤ ራሱ ብቻ፣ ያለ ስፒከሩ፣ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል። ዛሬ ክላስ ዲ በሚባለው አሠራር የተሠራ የ500 ዋት ማጉያ ከ3 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። በአርባ ምንጭ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን በባጃጅ ለሚወጣ ሙዚቀኛ ይህ ልዩነት ሥራውን መቀበልና አለመቀበል ነው።

ማጉያና ስፒከር ሲገናኙ ኦም የተጻፈበትን ማንበብ ግድ ነው። ማጉያው «ቢያንስ 4 ኦም» የሚል ከሆነ፣ ባለ 8 ኦም ሳጥን አንድም ሁለትም ማያያዝ ይቻላል፤ ሁለት 8 ኦሞች ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 ይሆናሉ። ሦስተኛ ከተጨመረ ግን ቁጥሩ ከ4 በታች ስለሚወርድ ማጉያው ይግላል፣ ይቃጠላል። ባለቱቦ ማጉያ ደግሞ ስፒከር ሳይሰካለት ፈጽሞ መከፈት የለበትም። ከማጉያው ወደ ሳጥኑ የሚሄደው ገመድም ከጊታሩ ወደ ማጉያው ከሚሄደው የተለየ ነው። ሁለቱ ጃካቸው አንድ ቢመስልም የጊታሩ ገመድ ቀጭን ስለሆነ የስፒከሩን ኃይል አይችልም።

መብራት

የኢትዮጵያ የመብራት ኃይል 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ 50 የሚለው ቁጥር ለቤዝ ተጫዋች መጥፎ ዕድል ነው። በወፍራሙ ኢ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት 49፣ አራተኛው 52 ነው፤ የመብራቱ ዝምዝምታ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ከማጉያው የሚሰማው የዚህ እጥፍ፣ ማለትም 100 ነው፤ እሱም ከባዶው ጂ ክር፣ ከ98፣ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ነው። ሌላ መሣሪያ ዝምዝምታውን ከሥር ትቶት ይጫወታል። ቤዝ ግን በቤቱ ውስጥ ካልተቃኘ እንግዳ ጋር ይኖራል።

መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ማጉያው፣ ሚክሰሩና ፔዳሎቹ ከተለያየ ግድግዳ ሳይሆን ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ጥሩ ዲቫይደር ቢሳቡ ዝምዝምታው ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ካልጠፋ፣ ዲ.አይ. በሚባለው ትንሽ ሳጥን ላይ ያለው የግራውንድ መቁረጫ ይነካል፤ እሱ የሚለየው የድምፁን ገመድ እንጂ የመብራቱን ስላልሆነ አደጋ የለውም። አደጋው የሶኬቱን የመሬት ሽቦ ቆርጦ መጣል ነው። ዝምዝምታው በእርግጥ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ግን በማጉያው ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላላ ኃይሉ በክሩ አድርጎ በተጫዋቹ እጅ ይመጣል፤ ከንፈሩ ማይክ በነካ ጊዜም በሰውነቱ ያልፋል። በዚህ ሙዚቀኞች ሞተዋል። ማንም ባለሙያ ይህን እንዲያደርግ መፍቀድ የለበትም።

ጄኔሬተር ባለበት ቦታ ቅደም ተከተል ይጠበቃል፦ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ይረጋጋል፣ ከዚያ ማጉያው ይሰካል፤ ሲጠፋም ማጉያው ቀድሞ ይነቀላል። መብራት ሲጠፋ ማጉያውን ወዲያው ማጥፋትም ያው ነው፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያው ግፊት ብዙ ዕቃ ይገድላል። ስታቢላይዘር መግዛት ከማንኛውም ፔዳል ይቀድማል።

ኢፌክት

ከኢፌክቶች ሁሉ አስፈላጊው ድምፅ የማይጨምረው ነው፦ ቱነር። በተዘፈነበትና በተጨበጨበበት ቦታ ወፍራም ክርን በጆሮ መቃኘት አስቸጋሪ ነው፤ የተሳሳተ ቤዝ ደግሞ ትክክል የተቃኙትን ሁሉ የተሳሳቱ ያስመስላቸዋል።

ቀጥሎ ኮምፕሬሰር ይመጣል። ጠንካራውን ምት ዝቅ፣ ደካማውን ከፍ አድርጎ ያስተካክላል። ለዝማሬ ቡድን ጥሩ ነው። ለችክችካ ግን በጥንቃቄ ነው፤ የዚያ ምት ውበት ያለው በምቶቹ አለመስተካከል ውስጥ ስለሆነ፣ ብዙ የተጨመቀ ቤዝ ጭፈራውን ያደነዝዘዋል። በቆርቆሮ አዳራሽ ከሁሉ የሚጠቅመው ከ40 በታች ያለውን ጉርምርምታ የሚቆርጥ ማጣሪያ ነው። ብዙ ማጉያዎች ላይ በአንድ ቁልፍ ተሠርቶ ይገኛል። ወፍራሙን ቆርጦ ቤዝን ማጉላት እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን የማይሰማው ጉርምርምታ ሲወገድ የስፒከሩ ኃይል ለሚሰማው ይተርፋል።

ፈዝና ኦቨርድራይቭ ወደ በገናው ይመልሱናል። እንዚራ በክሩ ላይ እንደሚያደርገው፣ ፈዝም ሞገዱን ከላይና ከታች ቆርጦ ከዋናው ድምፅ በላይ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ የሆኑ ድምፆችን ይወልዳል። ጆሮ እነዚህን ሰምቶ ያልሰማውን ሥር ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ትንሽ ስፒከር 41ን ማውጣት ባይችልም፣ ትንሽ ፈዝ የተጨመረበት ኢ ክር በዚያው ስፒከር ወፍራም ሆኖ ይሰማል። የፈዝ ጉዳቱ ደግሞ ሥሩን መብላቱ ነው፤ ንጹሑን ድምፅ ከተቆረጠው ጋር የሚቀላቅል ቁልፍ ያለውን መምረጥ ይገባል። ከኤሌክትሪክ በገና ወይም ከቤዝ ክራር ጋር የሚሠራ ቡድን በዚህ በኩል ገና ብዙ የሚያገኘው ነገር አለ።

ኦክታቭ ፔዳል ከተጫወቱት በታች አንድ ኦክታቭ ይጨምራል። አምስት ድምፅ ብቻ ካላቸው ቅኝቶቻችን ጋር ይስማማል፤ ድምፆቹ ስለሚራራቁ አይደበላለቁም። በወፍራሙ ክር ላይ ግን ጆሮ የማይደርስበት ስለሚወርድ ከአምስተኛው ፍሬት በላይ ቢውል ነው የሚሻለው። ኮረስ የድምፁን ቅኝት በጥቂቱ እያወዛወዘ ያሰፋዋል፤ ለትዝታ ዝግ ያለ ዜማ ያምራል፣ ከማሲንቆ አጠገብ ግን የቅኝቱን ልዩነት ያባብሳል። ሪቨርብ ለቤዝ ብዙም አያስፈልግም፤ አዳራሹ ራሱ ይሰጣል።

ፔዳሎች የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በ9 ቮልት አዳፕተር ሲሆን መሐሉ ኔጌቲቭ ነው። ከሬዲዮ ወይም ከሌላ ዕቃ የተወሰደ አዳፕተር መሐሉ ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመሰካቱ በፊት በላዩ የተሳለችውን ትንሽ ምልክት ማየት ይገባል።

ግዢው

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል፤ ሙዚቃ መሣሪያም አልቀረለትም። በዚህ ምክንያት ያገለገለ ቤዝ ከቀድሞው ይልቅ ይፈለጋል፤ መጥፎ አማራጭም አይደለም። አሥር ዓመት የቆየ እንጨት መጠማዘዝ ያለበትን ተጠማዝዞ ያበቃ ነው፤ ዛሬ ቀጥ ያለው ነገም ቀጥ ብሎ የመኖር ዕድሉ ሰፊ ነው። ያማሃ፣ አይባኔዝ እና የፌንደር ዝቅተኛ ስሪት የሆነው ስኳየር ለጀማሪ የሚበቁ ቤዞች አሏቸው። የፌንደር ስም የተለጠፈባቸው ፎርጂዶችም በገበያው አሉ። እነሱን የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ስሙ ሳይሆን ሥራው ነው፦ ፍሬቱ ጠርዙ ላይ እጅ ይቧጭራል፣ ብሎኑ ይላላል፣ መቃኛው ሲዞር ይንሸራተታል።

ሻጩ ፊት የሚደረገው ምርመራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አንገቱ ከታየ በኋላ እያንዳንዱ ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ ይመታል፤ የሚንጫጫ ወይም የሚሞት ድምፅ ይፈለጋል። ከዚያ ክሩ በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሳይጫን በጣት ጫፍ ብቻ ተነክቶ ይመታል፣ ቀጥሎ እዚያው ተጭኖ ይመታል። ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ብሪጁ በካቻቢቴ ይስተካከላል፣ ለዋጋ ክርክርም ይጠቅማል። የድምፅ ቁልፎቹ ሲዞሩ ቢንኮሻኮሹ አቧራ ነው፤ ይጸዳል። ጃኩ ሲነካ ድምፅ ቢቆራረጥ መበየድ ብቻ ይፈልጋል። ክሩ የዛገ መሆኑ አያስፈራም። የሚያስፈራው የተሰነጠቀ አንገት፣ የአንገቱና የገላው መጋጠሚያ ክፍተት፣ እና ዘንጉን ለማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ነው።

ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ዕቃም ብዙ ነው። ቤዙ ራሱ ችግር የለውም። ማጉያው ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ 220 ላይ ከተሰካ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። ከኋላው 120/230 የሚል መቀየሪያ ካለው ሳይሰካ ይቀየራል። ከሌለው ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋት ማጉያው ከመብራት ከሚስበው በላይ መሆን አለበት። ቤዙም ሲላክ ክሮቹ በጥቂቱ ላላ ብለው፣ የአንገቱ ጫፍ በጨርቅ ተደግፎ ቢመጣ የአውሮፕላን ጭነት ይችለዋል።

የሚተካ ክር አስቀድሞ መግዛት ብልህነት ነው። የተለመደው ውፍረት ከ0.045 እስከ 0.105 ኢንች ነው። ጠመዝማዛው ክብ ሽቦ የሆነው ክር ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ጠፍጣፋው ደግሞ ጨለም ያለና ለጣት የለሰለሰ ነው፣ ለብዙ ዓመትም ይቆያል። አርባ ምንጭ ውስጥ በሙቀት የሚያልበው እጅ ክብ ሽቦውን በፍጥነት ይገድለዋል፤ ላቡና ቆሻሻው በጠመዝማዛው መካከል ገብቶ ንዝረቱን ያፍነዋል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ክሩን ከላይም ከሥርም በደረቅ ጨርቅ መወልወል ዕድሜውን ያረዝማል። የሞተ ክርም ተፈትቶ፣ በንጹሕ ውኃ ለአሥር ደቂቃ ተቀቅሎ፣ በጨርቅ ተወልውሎ ቀን ሙሉ በፀሐይ ከደረቀ ጥርት ያለ ድምፁ ይመለሳል። ይህ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅቀላ ከመጀመሪያው ያነሰ ዕድሜ ይሰጣሉ፣ መቃኛው ላይ የተጠመጠመበት ቦታም በየጊዜው መታጠፍ ስለሚያዳክመው ከዚያ በኋላ ክሩ በአዲስ ይተካል።